እግሬ መሬት የነካባት ሞተር

ሞተር ልገዛ ነው ብዬ አፌን የከፈትኩ ቀን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ስለ ሞተር የማያውቅ ሰው ጠፋ። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ስልክ ጠጋኝ ሁለት መቶ ሲሲ ካልሆነ ዳገት አይወጣም አለኝ። ዳቦ የምትሸጠው ጎረቤቴ ባሏን ጠይቃ «የህንድ እንጂ የቻይና እንዳትገዢ» የሚል መልስ ይዛልኝ መጣች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሱሪውን ረስቶ ስለ ጎማ ሲያስተምረኝ ረፋዱ አለፈ። ከሁሉም የገረመኝ ማንም ሰው «ለመሆኑ ነድተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። አላውቅም ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በእግሬ የነዳሁት ነገር ቢኖር የስፌት መኪናዬን ብቻ ነው።

ሞተሩን የፈለግኩት ለእናቴ ነው። እናቴ ከሸኮ መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት፣ አባቴ ትቶልን በሄደው የቡና ማሳ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። መኪና የሚደርሰው ታች ጠጠር መንገዱ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ በቡናውና በእንሰቱ መሃል እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ወደ አንድ ጅረት ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ባለፈው ክረምት እዚያ ብቻዋን ወባ ጣላት። ስልኳ አልሠራ ሲለኝ «ኔትወርክ ነው» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ከታች ያለው ጎረቤታችን ከቤቷ ጭስ አለመውጣቱን አይቶ በሩን ገፍቶ ባይገባ ኖሮ አናገኛትም ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ቁርጡን ተናገረ። ለቀማው እንዳለቀ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ማሳው ምርቱን ለሚካፈል ሰው ለእኩል ይሰጣል፤ እማዬ ከእሱ ጋር ትሄዳለች።

«ወንድም ጋሼ፣ እሷ እኮ አዲስ አበባ ብትገባ በናፍቆት ትሞታለች» አልኩት በስልክ።

«እዚያም ልትሞት ነበር እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። እኔ ሰው ሲሳሳት እችላለሁ፤ ልክ ሲሆንብኝ ነው ደሜ የሚፈላው።

ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ከወባዋ እስክታገግም እኔ ጋ ሚዛን አምጥቻት ነበር። የራሴን አልጋ ለቀቅኩላት። በየጠዋቱ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ልክ ሊሸኙት እንደሆነ እንግዳ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። «እማ፣ ቤትሽ እኮ ነው» ስላት «አውቃለሁ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» ትለኛለች። እናት ለልጇ «እግዜር ይስጥሽ» ስትል መስማት እንዴት እንደሚከብድ የሰማው ያውቀዋል። ጎመን በገንዘብ ሲገዛ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ሲሻላት መልሼ ሳደርሳት ግቢዋ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ዶሮዎቹን መሳደብ ነበር። ድምጿ ተመለሰላት።

ስለዚህ ለወንድሜ ቃል ገባሁ። ቀን እየዘለልኩ ሱቄን ቀደም ብዬ እየዘጋሁ ማሳው እወጣለሁ፣ አብሬያት አድራለሁ፣ የተለቀመውን የቡና እሸትም እኔው አወርዳለሁ፤ ለቀማው እስኪያልቅ አይተህ ፍረድ አልኩት። ቀይ እሸት የተለቀመ ዕለት ታች ያለው የቡና ማጠቢያ ካልደረሰ ይሞቅና ይበላሻል፤ የኪራይ ሞተረኞች ደግሞ ሰማዩ ከጠቆረ ወደዚያ ዳገት ዞር ብለው አያዩም።

«በምን ልትወጪ ነው?» አለኝ።

«የራሴን ሞተር እገዛለሁ።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ታላቅ ወንድም በታናሽ እህቱ የሚስቀው ዓይነት ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የባሰ አልነበረም።

ሞተር የሚሸጡት ሰው ከጅማ የመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሀጂ ነው የምንላቸው። ግቢያቸው ስገባ ዓይኔ ያረፈው በአንድ ቀይ ረጅም ሞተር ላይ ነበር። የፊት ጭቃ መከላከያው ወደ ላይ የተሰቀለ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ቆሞ እንኳን ሊዘል የተዘጋጀ የሚመስል። ሀጂ «የት ነው የምትነጂበት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ቁመቴን ከላይ እስከ ታች አዩና ወደ ግቢው ጥግ ሄደው አቧራ የጠጣች ዝቅ ያለች ሞተር አሳዩኝ። የግብርና ባለሙያዎች የሚነዷት ዓይነት፣ መልኳ ከአህያ የማይሻል።

«እህቴ፣ ይቺ ትሻልሻለች። ለጀማሪ ጥሩ ናት» አሉኝ።

«ሴት ስለሆንኩ ነው ሀጂ?»

«አይደለም፣ ጀማሪ ስለሆንሽ...»

አላስጨረስኳቸውም። ወንድሜ በስልክ የሳቀው ሳቅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። ቀዩ ላይ ወጣሁ። ጫማዬ ጫፉ ብቻ መሬቱን ይነካል፣ ያውም ወደ አንድ ጎን ካዘነበልኩ። የግቢው ወጣቶች «ትለምጂዋለሽ፣ ለጫካ መንገድ እንዲህ ዓይነቱ ነው» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው እግር የምለካ ሴት ነኝ እኮ! ከብብት እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ የከተማውን ሰው ቁመት በቃሌ አውቀዋለሁ። የራሴን እግር መለካት ትዝ አላለኝም። ቀዩን ገዛሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ተለማመድኩ፣ ሥልጠናውንም ወስጄ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ደረቅ ሜዳ ላይ ማንም ሰው ሞተረኛ ነው። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እለቃለሁ፣ ማርሽ እቀይራለሁ፣ ሁለተኛ ላይ ስደርስ ነፋሱ ሻሼን ሲያውለበልበው ደስታዬ ወሰን የለውም። ችግሩ መቆም ነው። በቆምኩ ቁጥር እግሬ መሬት ፍለጋ ይሄዳል። ሜዳው ላይ መሬቱን የት እንደማገኘው ስለማውቅ ችግር አልነበረውም።

ማሳው ላይ ግን መሬቱ ሁልጊዜ ያለበት ቦታ አይገኝም። ለቀማው በተጀመረ ሰሞን አንድ ጆንያ እሸት ከኋላዬ ከፍ አድርጌ ጭኜ ስወርድ፣ ከጅረቱ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ፍየል መንገድ አቋረጠችብኝ። ፍሬን ያዝኩ፣ ግራ እግሬን ዘረጋሁ። ግራው በኩል ገደላገደል ነበር። እግሬ ወረደ፣ ወረደ፣ ምንም አላገኘም። ከዚያ ሰማዩን አየሁት፣ ቀጥሎ ጭቃውን፣ ቀጥሎ ሞተሩ እግሬ ላይ ተጋድሞ እሸቱ በጭቃው ላይ ሲንከባለል ሰማሁት። አላመመኝም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው። እግሬን ላወጣው ስሞክር እምቢ ሲለኝ ግን ፈራሁ።

ድምፁን ሰምቶ የደረሰልኝ ያው ከታች ያለው ጎረቤታችን ነው። ቤቱ ውስጥ የሸኮ ቋንቋ የሚናገር፣ አማርኛውን ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ነው። ሞተሩን በአንድ ትከሻው አነሳልኝና እግሬን አገላብጦ አየው። አጥንቴ አልተሰበረም። ከዚያ አንዴ ሞተሩን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ሞተር ረጅም፣ አንቺ አጭር» አለኝ፣ የለቅሶ ቤት ያህል ኮስተር ብሎ። «እንዴት አብሮ ይሄዳል?»

«ለእማ እንዳትነግርብኝ፤ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ!» አልኩት። እሷ ከሰማች ሥጋቱን አትችለውም፣ ወንድሜ ከሰማ ነገሩ አለቀ። አልነግርም አለኝ፤ ማለም።

በእኛ አካባቢ ግን ሰው ከአደጋ ሲተርፍ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን አተረፈላችሁ» ሊል ይመጣል፤ ባዶ እጁንም አይመጣም። በሁለተኛው ቀን እያነከስኩ ስወጣ የእናቴ ግቢ በሰው ተሞልቷል። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግንድ ላይ ተቀምጧል። ደጃፉ ላይ ማር በቅል፣ እንቁላል፣ አንድ ዘለላ ሙዝ። ከፊት የተቀመጠው ማን ሆነ? ጎረቤታችን።

«አልነግርም ብለህ ምለህ አልነበር!» አልኩት ጥግ ስቤ።

«አልነገርኩም» አለኝ ከልቡ ተገርሞ። «እንኳን ልጅሽን አተረፈልሽ ብቻ አልኩ። ሳልመጣ ብቀር ነውር አይደለም?»

ምን እለዋለሁ? ለእሱ መሐላው አልፈረሰም። ለእንኳን አተረፈሽ አለመምጣት ግን እሱን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ሁሉ የሚያሳፍር ነገር ነው። መርቀውኝ፣ እግሬን ዳስሰው፣ በየተራ የወደቁባቸውን ቦታዎች ተርከው፣ አመሻሽ ላይ ሄዱ። እናቴ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው።

የመጨረሻው ሰው ከአጥሩ እንደወጣ «ያንን ነገር አምጪው» አለችኝ። አመጣሁት። «እስኪ ውጪበት።» አንድ እግሬን አንስቼ፣ በሌላው እንደ ዶሮ እየዘለልኩ፣ ታፋዬን ለመስቀል ስታገል አየችኝ። መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ አልቻለችም፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም መናደድ ጀምሬ ነበር፣ ግን እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ስለሆነ ተውኩት።

ሳቋን እንዳቆመች ፊቷ ተለወጠ። «ወይ ይህን ትለውጪዋለሽ፣ ወይ እኔ ከወንድምሽ ጋር እሄዳለሁ። አንቺን ቀብሬ ቡና አልለቅምም» አለችኝ።

እዚያው ግቢ ውስጥ እፎይ አልኩ። «በቃ፣ ተይው» የምትለኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን «ለውጪው» ነው ያለችኝ።

ሀጂ ጋ የሄድኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። ሙሉ ስብከት ጠብቄ ነበር፤ «ብዬሽ ነበር» ለሚለው ቃል እንኳን መንገድ ላይ አስር ዓይነት መልስ አዘጋጅቼ ሄጃለሁ። ሀጂ ማነከሴን አዩና «እግርሽ ተረፈ?» አሉኝ።

«ተረፈ ሀጂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ያቺን አቧራማ እየገፉ አመጧት። «በይ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ላይ አረፉ። እንዴት ብዬ ልግለጸው? ደረቴ ውስጥ ለወራት ተወጥሮ የቆየ ነገር ላላ። ወደ ግራ አዘነበልኩ፣ መሬት አለ። ወደ ቀኝ፣ መሬት አለ። ክብደቷን በእጄ ሞከርኩት፤ ብትወድቅ እንኳን ብቻዬን አነሳታለሁ። ሀጂ የቀዩን መመለስ ሲያስቡ፣ የዋጋውን ልዩነት ሲያነሱ፣ እኔ ከላይዋ ሳልወርድ ነው የተስማማሁት። አንድ ብረት በያጅ ከግራና ከቀኝ ዝቅ ያለ መጫኛ ሠራላት፤ አንድ ትልቅ ጆንያ ወደ ላይ ከመከመር ሁለት ትንንሽ ከረጢት ወደ ታች ማንጠልጠል እንደሚሻል እግሬ አስተምሮኝ ነበር። የፊት ጎማዋን በጥርሳም አስቀየርኩ። መንገድ ላይ ወጣቶች «የቀበሌ ሞተር!» እያሉ ጮሁብኝ። ይጩሁ። እኔ መልክ የምሸጠው በሱቄ ነው።

ጭቃ ላይ መንዳትን ከዚያ በኋላ ነው የተማርኩት፣ ምክንያቱም ለመማር ሳይፈሩ መቆም መቻል ያስፈልጋል። ቁልቁለት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሞተሯ ራሷ እንድትይዘኝ መተው፤ ድጥ ላይ የፊት ፍሬንን መርሳት፤ ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ቆሞ ውሃውን ማየት፣ ካበጠ ተመልሶ መሄድ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሰልፉ መንገድ ሲዘጋ እንኳን ብዙ አልተጨነቅኩም፤ የምትጠጣው እንደ ድመት ነው። እሸቱ ሳይሞቅ ማጠቢያው ይደርሳል፣ እኔ ቀን እየዘለልኩ ማሳው ላይ አድራለሁ፣ እናቴ ደግሞ የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ እየለየች ውሃ ትጥዳለች።

አንድ እሁድ የሚወርድ እሸት አልነበረም። እንዲሁ ለራሴ፣ ከማሳው በላይ ባለው የጫካ መንገድ ነዳሁ። ግዙፎቹ ዛፎች መሃል ስደርስ ሞተሯን አጠፋሁና ሁለት እግሬን መሬት ላይ ተክዬ ተቀመጥኩ። ጉሬዛዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ዘለሉ፤ የሆነ ቦታ ላይ ውሃ ይወርዳል። በሕይወቴ ሙሉ ይህን መንገድ የማውቀው ሸክም ተሸክሜ ነው። ያለ ሸክም እዚያ መሆን የማልችል ይመስለኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ጮክ ብዬም «ደስ ይላል!» አልኩ፣ የሰማኝ ሰው አልነበረም።

ለቀማው አለቀ። ወንድሜ እንዳለው መጣ።

ጠዋት ነው፣ ከእናቴ ጋር ግቢ ነበርን። «ታች ጠጠር መንገዱ ላይ ደርሻለሁ፣ ዕቃዋን የሚያወርዱ ሰዎችም ይዣለሁ» ብሎ ደወለ። እናቴ ከኋላዬ ሆና ሰማች። ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳን አላጓደልኩም፤ ነገር ግን ወንድሜ ሰዎቹን ቀድሞ ይዞ መምጣቱ ፍርዱን አሳወቀኝ። ላለቅስላት ዞር ስል እናቴ የለችም።

ከቤት ስትወጣ ከቀሚሷ ሥር ሰፊ ሱሪ አድርጋለች። በቅርቡ «ለብርዱ ነው» ብላ ያሰፋችኝ ሱሪ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራለች። ማር ያለበትን ዕቃ በእጇ ይዛለች። እስከዚያ ቀን ሞተሯን ነክታት አታውቅም፤ ስሟን እንኳን ሳትጠራ «ያቺ» ነው የምትላት።

«አውርጂኝ» አለችኝ።

«እማ፣ የት?»

«ልጄ ጋ ነዋ።»

ከኋላዬ ወጣች፣ እንደ ወንድ እግሯን አንፈራጣ። እጆቿ ወገቤ ላይ ሲጠብቁ ተሰማኝ። ከረጢት እሸት የለመደችው ሞተር እናቴን መሸከሟንም አላወቀችም፤ እንዴት እንደቀለለች እኔ ነኝ ያወቅኩት። ቀስ ብዬ ወረድኩ። ጅረቱ ጋ ቆሜ ውሃውን አየሁ፣ አለፍኩ። ፀሐዩ በቅጠሎቹ መሃል እየተቆራረጠ መሬቱ ላይ ይወድቃል፣ እኔ መንገዱን ብቻ አያለሁ።

ወንድሜ መኪናው አጠገብ ቆሟል፣ የኋላ ወንበሩን አጣጥፎ ለፍራሽ ቦታ አዘጋጅቷል። ስንመጣ ሲያየን አፉ ተከፈተ።

«እማዬ!» አለ። አብራው ልትሄድ የመጣች መስሎታል።

እናቴ ሳትወርድ ማሩን ዘረጋችለት። «ለልጆችህ ነው» አለችው። «እኔን ልትወስድ እንደመጣህ አውቃለሁ፣ ተባረክ። ስታመም ግን መውረጃ አለኝ፣ ይኸው። ያላመመኝ ቀን ቤቴ ልሁን።»

ወንድሜ ማሩን እንደያዘ ቆመ። ክርክር ጠበቅኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ተጫነ።

«ፍሬኗ ይይዛል?» አለኝ።

«ይይዛል።»

«ድጥ ሲሆንስ?»

በፊት ቢሆን እፎክር ነበር። «ከባድ ድጥ ከሆነ ታች ጎረቤት ቤት አቆማትና በእግሬ እወጣለሁ» አልኩት። ከዚያ ዞር ብሎ ሰዎቹን አመስግኖ አሰናበታቸው። መኪናውን ቆለፈና «ሂዱ፣ በእግሬ እከተላችኋለሁ። ቤቱን ልየው፣ ጣሪያው ያፈሳል ብላችሁ ነበር» አለ።

ሽቅቡን እናቴን ይዤ ወጣሁ። ግቢ ገብቼ ሞተሯን አጠፋሁና እስክትወርድ ጠበቅኩ፤ አልወረደችም። ዞር ስል ዓይኖቿን ጨፍናለች። ጣቶቿ ጃኬቴን ጨብጠው ነጭ ሆነዋል።

«እማ፣ ደርሰናል። ፈርተሽ ነበር እንዴ?»

«ሞቼ ነበር እንጂ» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትከፍት። «ከዚህ ከተነሳን ጀምሮ መሬቱን አላየሁትም። ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ወጣሽበት? በእግር እንወርድ አልነበር?»

«በእግሬ ብወርድ ምን አምኖ ይተወኛል?» አለችኝ። «ሳልፈራ ካላየኝ አይተወኝም።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ ከጃኬቴ ላይ አላቀቅኳቸው። ደግፌ ሳሩ ላይ አስቀመጥኳት፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ወንድሜ እያለከለከ ማሩን ታቅፎ በበሩ ሲገባ ሁለታችንም እንስቅ ነበር፤ ምን እንዳሳቀን ጠየቀን፣ አልነገርነውም።